ባለመኪናዋ

በማኅበራችን ውስጥ እኔን በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም። «ባለመኪናዋ መጣች» ይባላል፤ «ለባለመኪናዋ ቶሎ አቅርቡላት፣ መሄጃዋ ደርሷል» ይባላል። መኪናው የእኔ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። የማማ ነው። ማማ የምላት አሠሪዬን ነው፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ በየአገሩ የተበተኑባት፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። አማን ከተማ ውስጥ፣ ረቢየህ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለታችን ብቻ እንኖራለን። በወር አንዴ ወደ ማኅበሬ ስሄድ በዚያች ግራጫ መኪናዋ ራሷ ነድታ ታደርሰኛለች፣ ራሷ ነድታ ትመልሰኛለች። ይህን የሰማ ሁሉ «ታድለሽ!» ይለኛል። እኔም ለረጅም ጊዜ የታደልኩ መስሎኝ ኖሬአለሁ።

ማኅበሩ የማርያም ነው። በአገራችን ደንብ ወር በገባ በሃያ አንድ መዋል ነበረበት፤ አማን ላይ ግን የእረፍት ቀናችን ዓርብ ስለሆነ ማርያም ለእኛ የምትውለው ለሃያ አንድ በሚቀርበው ዓርብ ነው። እሷም ሁኔታችንን ታውቃለች ብለን ተስማምተናል። ሁላችንም የሰው ቤት ሠራተኞች ነን። አብዛኞቻችን እዚያው በምንሠራበት ቤት ነው የምናድረው፤ ተመላላሽ የሆነችው አንዷ ብቻ ከመሀል ከተማው በላይ ባለው ኮረብታ አንድ ክፍል ተከራይታለች፣ የምንሰበሰበውም እዚያ ነው። ዓርብ ጾም ነውና ሽሮና ምስር ይቀርባል፣ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቀሪቦ ይቀዳል። በመጨረሻ ጸሎት ተደርጎ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል። ጽዋውን የተቀበለች እሱን ይዛ ወደምታድርበት ቤት ትሄዳለች፤ ወሩ ሲደርስ ዳቦውን ጋግራ፣ ከሁሉ ቀድማ መጥታ፣ ሰዉን በእጇ አስተናግዳ፣ ከሁሉ ኋላ ትወጣለች።

እኔ ጽዋ ወስጄ አላውቅም ነበር። ከእኔ በኋላ የገቡ ልጆች እንኳን ተራቸው ደርሶ አልፏል። እኔን ግን ጸሎቱ ሳይጀመር የመኪና ክላክስ ከታች ይጠራኛል። ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም። ማማ ክፋት የለባትም፤ መንገዱ ሳይጨናነቅ ቤቷ መድረስ ትፈልጋለች፣ ያ ብቻ ነው። እኔ ግን የያዝኩትን ቁራሽ ሳልጨርስ ነጠላዬን አፈፍ አድርጌ ደረጃውን እወርዳለሁ። ከኋላዬ የሚስቁት ይሰማኛል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለውን ተረት የተረዳሁት በዚያ ደረጃ ላይ ነው።

አንድ ዓርብ፣ ዳቦው ተቆርሶ ጨዋታው እንደደራ፣ የማኅበሩ እናት «የሚቀጥለው ወር ተረኛ ታውቋል፤ ከእሷ ቀጥሎስ ማን ይቀበላል?» ብለው ጠየቁ። እሳቸው ዴር ግባር በሚባል ሰፈር ከአንድ ቤት ሳይወጡ ሁለት ትውልድ ልጆች ያሳደጉ፣ ሁላችንም የምንፈራቸው ሴት ናቸው። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይተያያል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል አልኩና «እኔ» አልኩ።

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። «ክላክሱስ?» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠችው።

«ክላክሱ ይጮኻል። እኔ እቆያለሁ።»

የማኅበሩ እናት አልሳቁም። «ስሚ ልጄ፣ ጽዋ የምንቀልድበት ነገር አይደለም። በሚቀጥለው ወር እስከ ጸሎቱ ፍጻሜ ተቀምጠሽ ከተረኛዋ እጅ ትቀበያለሽ። ካልቆየሽ ለሌላ ይሰጣል፤ ሁለተኛ ስምሽን አላነሣም» አሉኝ። «እሺ እናቴ» ብዬ ሳልጨርስ ከታች ክላክሱ ጮኸ። ያን ቀን ደግሞ የተሳቀው ሳቅ እስከ መንገዱ ድረስ ይሰማ ነበር።

ለማማ የነገርኳት እዚያው መኪና ውስጥ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምቀመጠው ከኋላ፣ ከአትክልቱ ከረጢት አጠገብ ነው። ዐረብኛ አንቱን ስለማያውቅ አንቺ እያልኩ ነው የማናግራት።

«ማማ፣ ከአሁን በኋላ ማኅበሬ በባስ ነው የምሄደው።»

በድንገት ፍሬን ያዘች። ከኋላ ያለው ሾፌር ክላክሱን አስጮኸብን። «በባስ? ሌሽ፣ ለምን? መኪናዬ ምን ሆነች?»

«መኪናዋ ምንም አልሆነችም። እኔ እስከ መጨረሻው መቆየት እፈልጋለሁ።»

«እጠብቅሻለኋ!»

«አንቺ ታች እየጠበቅሽኝ እኔ ላይ መቀመጥ አልችልም።»

«ዐይብ ነው፣ ነውር! ጎረቤት ምን ይላል? ሠራተኛዋን በባስ ትልካለች፣ ለቤንዚን ትሳሳለች ይላል። ደግሞ ትጠፊያለሽ። ፖሊስ ቢይዝሽስ?»

«ኢቃማዬን እይዛለሁ። ወረቀቴ ሙሉ ነው።»

ቤት ደረስን። ሞተሩን ካጠፋች በኋላ በመስታወቱ አየችኝና «ጠይብ፣ እሺ፣ ሞክሪው። አንዴ ከጠፋሽ ግን ኻላስ፣ በመኪና ነው» አለች። የፈራችው መጥፋቴን ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አንድ ቀን ወጥቼ ባልመለስስ ብላም ነው። እንደዚያ ያደረጉ ስላሉ አልፈርድባትም። እኔ ግን መመለሴን የማውቀው ራሴ ነኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ ለሙከራ ወጣሁ። ዓርብ ጠዋት አማን የተኛች ከተማ ናት፤ የቀትሩ ጸሎት እስኪያልቅ ሱቁም አይከፈት፣ አውቶብሱም በስንት ጊዜው ነው የሚመጣው። ቆሜ ቆሜ እግሬ ሲዝል አንድ ትንሽ አውቶብስ መጣ። ከአንድ ሰውዬ አጠገብ ካለው ወንበር በስተቀር ሙሉ ነው። እኛ አገር ታክሲ ውስጥ ጠጋ በሉ ተባብሎ መቀመጥ እንጂ ሌላ ምን አለ? ጠጋ ብዬ ተቀመጥኩ። ሰውዬው እሳት እንደነካው ሰው ብድግ አለ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለነበር አንገቱን ሰብሮ መንገዱን በሙሉ ቆሞ ሄደ።

ጥቁረቴን ተጸየፈ አልኩ። ደሜ ፈላ። በዐረብኛ የምሰድበው ስድብ ፈልጌ ያገኘሁት ሁሉ ለሕፃናት የሚባል ሆነብኝ። ስለዚህ ነጠላዬን ዘርግቼ ሁለቱንም ወንበር ተንሰራፍቼ ያዝኩት፤ ቁም እንግዲህ! ስመለስ ደግሞ ንዴቱ ሳይበርድልኝ መውረጃዬ ደርሶ ኖሮ በገዛ ቋንቋዬ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ሾፌሩ ግን ነዳ። ሌላ ሰው ሲወርድ ተከትዬ ስወርድ ተላዕ አል-ዓሊ የሚባለው ሰፈር ገበያ መሀል ቆሜያለሁ። እየጠየቅሁ በእግሬ ተመለስኩ። ማማ በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«እንዴት ነበር?»

«ሰላም ነው» አልኳት። ማታ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ ሳለ በበሩ አልፋ አየችኝ።

ማቆም አላሰብኩም። ንዴት ለእኔ እንደ ስንቅ ነው፣ ሩቅ ያስኬደኛል። በማግስቱ ለቲማቲም ስትልከኝ አንድ ፌርማታ በአውቶብስ ሄጄ በእግሬ ተመለስኩ። ለዳቦ ስትልከኝም እንደዚያው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሰዉ ሲወርድ ሾፌሩን «የዕጢክ ዓፍየ» ይለዋል፣ ጤና ይስጥህ እንደማለት፤ እሱን ሰማሁና ያዝኩት። እሱን ስል ማንኛውም ሾፌር ይቆማል።

አንድ ቀን እንዲሁ ተቀምጬ ሳለ ሂጃብ የለበሰች ተማሪ ወጣች። አውቶብሱ ሞልቷል፤ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ብቻ ቦታ አለ። ሽማግሌው ሳይጠየቁ ተነሡና ወደ ኋላ ሄዱ፤ ከኋላ ያለው ጎልማሳ ደግሞ ለእሳቸው ለቀቀ፤ ከመስኮቱ ጥግ የነበረው ልጅ ተነሥቶ ቆመ። ልጅቷ እንደ ቤቷ ገብታ ተቀመጠች፣ አመሰግናለሁ እንኳን አላለችም። ያኔ ገባኝ። ወንድ ከማያውቃት ሴት ጎን መቀመጥ እዚህ ነውር ነው። ያ ሰውዬ አንገቱን ሰብሮ የቆመው አክብሮኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሁለት ወንበር ላይ ተንሰራፍቼበታለሁ! ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቄን ያየች ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። የሚጸየፍ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፤ እኔ ስቀመጥ መስኮት የሚከፍት አጋጥሞኛል። ያ ሰውዬ ግን ከእነሱ አልነበረም።

በእነዚያ ሳምንታት ሌላም ነገር ገባኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አማን ኖሬ አማንን አላውቃትም ነበር። ከመኪና የኋላ ወንበር የሚታየው የሾፌር ማጅራት ነው። አሁን ግን የቱ ዳገት የት እንደሚያወጣ፣ የትኛው ፌርማታ ጥላ እንዳለው፣ በራሱ መንገድ የሚሄደው ፈጣኑ ባስ ከየት እንደሚነሣ አወቅሁ። ካርድም አወጣሁ። ካርዱን ስነካው ማሽኑ ጢጥ ሲል በጣም ደስ ይለኛል፤ እስከ ዛሬም።

የማኅበሩ ዓርብ ደረሰ። ጠዋት ማማ መጋረጃውን ገልጣ ሰማዩን አየችና «ዝናብ ይመጣል። ላድርስሽ?» አለች።

«አይ ማማ።»

«ጃንጥላ ያዢ እንግዲያ» አለችና የራሷን ሰጠችኝ።

ከሰዉ ሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። የማኅበሩ እናት በሩ ላይ ሲያዩኝ «ባለመኪናዋ?» አሉ፣ ከኋላዬ መኪናውን እየፈለጉ። «በእግሬና በባስ ነው እናቴ» አልኳቸው። ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ብርጭቆ አጠብኩ፣ ዳቦው ሲቆረስ ያለ ጥድፊያ በላሁ። ማኅበሬተኞቼ እንዲህ የሚጫወቱ መሆናቸውን አላውቅም ነበር፤ የጨዋታው ምርጥ የሚመጣው እኔ ከሄድኩ በኋላ ነበር ማለት ነው። ይህ አናደደኝም፣ ደስም አሰኘኝ። ውጪ ዝናቡ ጀመረ፣ ከዚያም በረታ።

የማኅበሩ እናት ጽዋውን ከተቀመጠበት አንሥተው ለተረኛዋ ሰጡና ሁላችንም ለጸሎት ተነሣን። ልክ በዚያች ሰዓት ከታች ክላክስ ጮኸ። ሁለቴ አጭር፣ አንዴ ረጅም።

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። አንዷ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ማማ ናት፤ ዝናብ ላይ መንዳት ከሞት በላይ የምትፈራ ማማ ለእኔ ብላ መጥታለች። ሰውነቴ ልማዱን አልረሳም፤ አንድ እግሬ ወደ በሩ ዞሯል። የማኅበሩ እናት ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም። ሁለተኛ ስሜን እንደማያነሡ አውቃለሁ። ክላክሱ ደገመ።

«አቡነ ዘበሰማያት» ብዬ እኔ ጀመርኩ። ጸሎት የማስጀመር ወግ የለኝም፤ ድምፄም ጮክ ብሎ ወጣ። ሌሎቹም ተቀበሉኝ። ክላክሱ ከታች ይጮኻል፣ እኛ ከላይ እንጸልያለን፤ ማን እንደሚቀድም እልህ የተጋባን ይመስል ነበር። ክላክሱ ቀድሞ ዝም አለ። ጸሎቱ ሲያልቅ ተንበርክኬ ጽዋውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እልልታው ሲቀልጥ እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። «ያስፈጽምሽ!» አሉኝ የማኅበሩ እናት፣ በስሜ ጠርተው።

ጽዋው ከሸክላ የተሠራ፣ ክዳን ያለው፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በትንሽ ሙዳይ የሚቀመጥ ነው። ደረቴ ላይ አቅፌው ወረድኩ። ማማ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«አላለቀም ነበር ማማ።»

በሩን ከውስጥ ከፈተችልኝ። «የላ፣ ግቢ፣ ትረጥቢያለሽ።» የመኪናው ሙቀት ጉልበቴን ነካኝ። እውነቱን ለመናገር መግባት አምሮኝ ነበር። ልብሴ ቀዝቅዟል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሴትዮዋም ለፍታ መጥታለች።

«ማማ፣ አላህ ይስጥልኝ። ዛሬ ከገባሁ ግን በሚቀጥለው ወርም እገባለሁ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሰው የሚጠብቀው እኔን ነው። በባሱ እመጣለሁ።»

ሙዳዩን አየች፣ እኔን አየች። «ራስሽ ደረቅ!» አለችኝ። ደረቅነት በእነሱም ቋንቋ ያው ደረቅነት ነው። በሩን ዘግታ ሄደች።

ጃንጥላውን ለጽዋው ያዝኩለት፤ ጀርባዬ ግን ለዝናቡ ሆነ። ፈጣኑ ባስ ውስጥ አንድ ወጣት ሳልጠይቀው ተነሣልኝ፤ እንደዚያች ተማሪ ያለ ምንም ማመንታት ተቀመጥኩ። ስፖርት ከተማ ወደሚባለው አደባባይ ስንቃረብ ከጎናችን ያለው መንገድ ከዳር እስከ ዳር በመኪና ተሞልቶ ቆሟል። ዓርብ ከሰዓት ነው፣ ዘመድ ጥየቃ የወጣው ሁሉ ይመለሳል፣ ዝናቡ ደግሞ አለ። ከመኪኖቹ መሀል አንዷ ግራጫ ናት፣ የኋላ ጥጓ ገባ ያለ፣ የገዛ ጋራዧ ምሰሶ የመታት። ማማ ግንባሯን መሪው ላይ ልትደፋ ምንም አልቀራትም፣ መስታወቱን በእጇ ትወለውላለች።

መጀመሪያ «እሰይ!» አልኩ። ወዲያው ሆዴ ባባ። ሁለቱም የልቤ ነው፤ አንዱን ትቼ ሌላውን ብነግራችሁ ዋሸሁ ማለት ነው። ባሱ በራሱ መንገድ አልፏት ሄደ።

የመጨረሻውን ዳገት በእግሬ ወጣሁ። ሦስተኛ ፎቅ ደርሼ ደወሉን ልጫን እጄን ካነሣሁ በኋላ ውስጥ ማንም እንደሌለ ትዝ አለኝ። ቁልፍ የለኝም። ይህን ሁሉ ዓመት የዚህ ቤት ቁልፍ ኖሮኝ አያውቅም፤ ሁልጊዜ እሷ ከፍታ እኔ ከኋላዋ እገባለሁ፣ ስለዚህ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ለባሱ ስታገል ስለ በሩ ረሳሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ ጽዋውን ታቅፌ። ከጎረቤት ቤት የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸታል። ከቀሚሴ ጫፍ የሚንጠባጠበው ውኃ በደረጃው እየወረደ ነበር።

ብዙ ቆይቶ የማማ እርምጃና ትንፋሽ ተሰማኝ። በየፎቁ እያረፈች ትወጣለች። እኔን ስታይ ቆመች።

«ቀደምሽኝ?»

«ባሱ ነው የቀደመሽ።»

ልትስቅ ነበር። ከዚያ የራሰውን ቀሚሴን፣ ከእግሬ ሥር የተጠራቀመውን ውኃ አየች። «ታዲያ ለምን ውስጥ አልገባሽም? ትታመሚያለሽ እኮ!»

«በምን ልግባ ማማ?»

ከእሷም አእምሮ ወጥቶ ኖሯል። ፊቷ ላይ አየሁት። እኔን አየች፣ በሩን አየች፣ መልሳ እኔን። የደረጃው መብራት ሰዓቱ ሞልቶ በራሱ ጠፋ፤ አንዳችንም እጃችንን ዘርግተን አላበራነውም። በዚያች ጨለማ ውስጥ ቀለለኝና ተናገርኩ።

«ማማ፣ በሚቀጥለው ወር ጽዋውን ይዤ ማልጄ እወጣለሁ፣ ከሁሉ ኋላ እመለሳለሁ። አንቺን ከእንቅልፍሽ አልቀሰቅስሽም፣ ደረጃ ላይም አልቀመጥም። የቤቱ ቁልፍ ያስፈልገኛል።»

መብራቱን አበራችው። ከቦርሳዋ ቁልፎቿን አወጣች፤ የመኪናውና የቤቱ ባንድ ቀለበት የታሠሩ ናቸው። ቀለበቱን በጥፍሯ ለመክፈት ታገለች፣ ጥፍሯ ተሰበረ፣ ለራሷ አንድ ነገር አጉረመረመች። ላግዝሽ ማለት ቃጣኝ፤ ተውኩት። በመጨረሻ የቤቱን ቁልፍ ነጥላ አወጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

«ክፈቺ» አለች።

ከፈትኩ። እንደ ልማዴ እሷ እንድትቀድም ወደ ጎን ቆምኩ። አልተነቃነቀችም፤ በእጇ ግቢ አለችኝ። ጽዋዬን ይዤ ገባሁ፤ ማማም የመኪናዋን ቁልፍ ብቻ ይዛ ከኋላዬ ገባች።